ማሽኑ አልበይድም ያለ ዕለት

ተረት ተረት!

የጋለ ብረት!

ዱሮ ዕቃ ይናገር ነበር። ዛሬም ይናገራል፤ የሚያዳምጠው ጠፋ እንጂ።

በቆላ መንገድ ዳር አሸዋ ሜዳ የምትባል ትንሽ ከተማ ነበረች። በከተማዋ ይርዳው የሚባል ወጣት በያጅ ይኖር ነበር። ከየት እንደመጣ አይናገርም፤ አጥብቆ የጠየቀውም የለም። ያለው አንድ ሸሚዝ፣ አንድ ብርድ ልብስና አንድ ማደሪያ ነበር። ማደሪያውም ሙሉ ለሙሉ የእሱ አልነበረም። የእትዬ ብዙወርቅ የፍየል ጉረኖ እኩሌታ ነው። በሌላው እኩሌታ ቀለሟ የምትባል ፍየል ታድራለች። በመካከላቸው አንዲት ሳንቃ አለች። ቀለሟ ቀድማ ስለገባች መስኮቱ በእሷ በኩል ነው።

አንድ ምሽት ጅብ መጣ። የጉረኖውን በር በትከሻው ገፋው። የላሜራ በር ነው፣ ከባድ ነው፤ ማጠፊያው ግን አርጅቶ ነበርና ተገንጥሎ በሩ ወደ ውስጥ ወደቀ። ይርዳው ከፍየሏ ፊት ቆመ። በኋላ ሲያስበው እሱ ከፊቷ አልቆመም፤ እሷ ናት ከኋላው የሄደችው። የበሩ ጩኸት ጅቡን አስደነገጠውና ወጣ። ሲወጣ ግን ዞር ብሎ በሩን አየ፣ ፍየሏን አየ፣ ይርዳውንም አየ። ማንን አስቀድሞ እንደሚበላ ሳይናገር ሄደ።

ሲነጋ እትዬ ብዙወርቅ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ።

«ይርዳው!»

«አቤት፣ እትዬ።»

«አንተ በያጅ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«ታዲያ በያጅ የሚያድርበት ቤት በር ይወድቃል? ዛሬ ጀምበር ሳትጠልቅ በይደው። ጅብ እንደሁ ያየውን ደጅ አይረሳም፤ ሲመሽ ይመጣል።»

«ድንጋይ ባስደግፈውስ?»

«ትናንት ምን አስደግፈህ ነበር?»

«ድንጋይ።»

«እንግዲህ።»

«ፍየሏ ብቻ እኮ አይደለችም፣ እኔም አለሁበት፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። አንተ ወተት አትሰጥም።»

የምታስፈልገው ጣት የምታህል ብየዳ ነበረች። ሌላ ምንም አይደለም። ይርዳው በሩን በጀርባው ተሸክሞ ዳገቱን ወጣና ብየዳ ቤቱ ደረሰ። ባለቤቱ፣ አለቃው፣ ብረት ሊገዛ ወደ ላይ አገር ከሄደ ሰንብቷል። ይርዳው ብቻውን ነው። በሩን አጋደመ፣ ማጠፊያውን በቦታው አስቀመጠ፣ የማሽኑን ስፒና ሶኬቱ ላይ ሰካ። ማሽኑ እያጉረመረመ ነቃ። ይርዳው መበየጃውን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ክንዱ የማሽኑን ጎን ነካ።

ማሽኑ ነዘረው። ይርዳው ተስፈንጥሮ የላሜራ ክምር ላይ አረፈ። ክምሩ ጮኸ፤ እሱ አልጮኸም።

«ምን አደረግሁህ?» አለው ማሽኑን።

«ምንም» አለ ማሽኑ። «እኔም ክፉ አስቤ አይደለም። ሆዴ ውስጥ አንድ ሽቦ ተልጦ ጎኔን ይነካኛል። እኔን የነካኝን ሰው ደግሞ እነዝራለሁ።»

ይርዳው ስፒናውን ነቀለ። የማሽኑን ሆድ ፈታ። የተላጠውን ሽቦ አገኘና በደህናው ክንዱ እየታገለ በፕላስተር ጠቀለለው።

«አሁንስ?»

«አሁን ደህና ነኝ። ነገ ግን አላውቅም። ስሠራ እንደምንቀጠቀጥ ታውቃለህ፤ ፕላስተሩን ፍቄ እጥለዋለሁ። ምናልባት ነገ፣ ምናልባት አሁኑኑ።»

«ታዲያ ምን ላድርግህ?»

ማሽኑ ቆርቆሮው እየተንኳኳ ተነፈሰ። «ከፋብሪካ ስወጣ በአንድ ሳጥን ሦስት ሆነን ነው የወጣነው። እኔ፣ አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ፣ ዘንጉም። ዘንጉ መሬት ይገባል። ሽቦው እኔን ከዘንጉ ጋር ያያይዘኛል። ከሆዴ የሚያፈተልከው ኤሌክትሪክ በሰው ላይ መሄዱን ትቶ በሽቦው ወደ መሬት ይወርዳል። እንዲህ ነበር ሥራችን። አለቃህ ሳጥኑን ሲከፍት ‹ማሽን ገዛሁ እንጂ ሽቦና ዘንግ መቼ ገዛሁ፤ ይሄ ምርቃት ነው› አለ። ምርቃቱን ለጎረቤት አደለው። ስፒናዬንም አየ። ባለ ሦስት እግር ነበርኩ። ሶኬቱ ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው። ሶኬቱን እንደመቀየር የእኔን የመሃል እግር ቆረጠው። ይኸው ከዚያ ወዲህ በሁለት እግሬ ሰው እነዝራለሁ።»

ይርዳው ከእሱ በፊት በዚህ ማሽን ይሠራ የነበረውን ሰው አስታወሰ። ለመጨረሻ ጊዜ የበየደው ዝናብ የጣለ ዕለት ነበር ይላሉ። ከዚያ በላይ አይሉም።

«ሽቦዬ ካልመጣ አልበይድም» አለ ማሽኑ።

እንግዲህ ማሽኑ ማጠፊያውን አልበይድም አለ፤ ማጠፊያው በሩን አልይዝም አለ፤ በሩ ጅቡን አልከለክልም አለ፤ ጅቡም ፍየሏን አልተውም አለ።

ይርዳው ሽቦውን ፍለጋ ወደ ጎረቤት ሄደ። ሽቦው ከእትዬ ታፈሰች ቤት ጣሪያ እስከ ግራሩ ዛፍ ድረስ ተወጥሯል። አንሶላ ተሰጥቶበታል፣ የልጆች ልብስ ተሰጥቶበታል፣ መሃል ላይ የእትዬ ታፈሰች ባለቤት ረጅም የውስጥ ሱሪ እግሩን ዘርግቶ በነፋስ ይራመዳል።

«እትዬ ታፈሰች፣ ይህ ሽቦ የማሽኑ ነው።»

«የማሽኑ ከሆነ ማሽኑ ራሱ መጥቶ ይጠይቀኝ! አለቃህ በገዛ እጁ ነው የሰጠኝ። ገመድ ሲበጠስብኝ፣ ገመድ ሲበሰብስብኝ ኖሬ፣ ይህን ካገኘሁ ወዲህ ነው ያረፍኩት። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚቀናብኝ በዚህ ሽቦ ነው።»

«ማሽኑ ሰው ይነዝራል።»

«እንኳን ማሽን፣ የኔም ባል ይነዝራል። ሽቦ ልሰርለት እንዴ?»

«ማጠፊያው ሳይበየድ ከመሸ ጅብ ይመጣል፣ እትዬ።»

እትዬ ታፈሰች ሳሙና የያዘ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አሰቡ። ጅብ አይወዱም። «በል ሽቦውን ጠይቀው» አሉ። «እሱ እሄዳለሁ ካለ እኔ አልይዘውም። ሱሪውን አጥሩ ላይ አሰጣዋለሁ፤ ባለቤቱ እንደሆነ አያፍርም።»

ይርዳው ሽቦውን ጠየቀው።

«እኔስ በሄድኩ» አለ ሽቦው፣ በሱሪው ክብደት እየተወዛወዘ። «ሱሪ መሸከም ከጀመርኩ ወዲህ ክብሬም ተሰጥቶ ደረቀ። ግን እስቲ አስበው። አንዱን ጫፌን ማሽኑ ላይ አሰርከው እንበል። ሌላውን ጫፌን የት ታደርገዋለህ? መሬት ላይ ብትጥለኝ ዶሮ ይጭረኛል እንጂ ምን እረባለሁ? ጫፉ የትም ያልገባ ሽቦ ልብስ መስቀያ ነው። እሱን ደግሞ እዚሁ ሆኜም እሠራዋለሁ። ዘንጉ ካልመጣ ማሽኑን አልገራም።»

እንግዲህ ሽቦው ማሽኑን አልገራም አለ፤ ማሽኑ ማጠፊያውን አልበይድም አለ፤ ማጠፊያው በሩን አልይዝም አለ፤ በሩ ጅቡን አልከለክልም አለ፤ ጅቡም ፍየሏን አልተውም አለ።

ይርዳው ዘንጉን ፍለጋ ወደ ጋሽ ኑሪ ሱቅ ሄደ። ዘንጉ ከሱቁ ፊት ቆሟል። የሱቁ መስኮት ወደ ላይ የሚከፈት ቆርቆሮ ነው፤ ዘንጉ ቆርቆሮውን ከሥር ደግፎ ጋሽ ኑሪን ከፀሐይ ያስጥላል። ቁመቱ የሰው ነው፣ መዳብ የተለበጠ ነው፣ ጫፉ የሾለ ነው። ጋሽ ኑሪ በየማለዳው በጨርቅ ይወለውሉታል።

«ጋሽ ኑሪ፣ እንደምን ዋሉ? ዘንጉን ፈልጌ ነበር።»

«የቱን ዘንግ?»

«ይሄን፣ ቆርቆሮውን የደገፈውን።»

«እሱ ሲሄድ ቆርቆሮውን ማን ሊደግፈው ነው? አንተ ልትቆምልኝ ነው?»

«ሲመሽ ጅብ ይመጣል።»

«ወደ ሱቄ?»

«ወደ ፍየሏ። ወደኔም።»

ጋሽ ኑሪ መነጽራቸውን አውልቀው ይርዳውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ወዳንተ እንኳ አይመጣም» አሉ። «ጅብ ለአጥንት ብቻ ብሎ ዳገት አይወጣም።» ይህን ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን አቋረጡና ከመደርደሪያው አንድ ዳቦ አውርደው አቀበሉት። ይርዳው ዳቦውን እዚያው ቆሞ በላ።

«ዘንጉን ጠይቀው» አሉ በኋላ። «እሺ ካለ ቆርቆሮውን በአናቴ እደግፈዋለሁ። አናቴ እንደሆነ ከሌላ ሥራ ከተፈታ ቆይቷል።»

ይርዳው ዘንጉን ጠየቀው።

«እኔ ለመሬት ነው የተፈጠርኩት» አለ ዘንጉ። «ሱቅ በር ላይ ቆሜ የስኳር ወሬ መስማት ሥራዬ አልነበረም። ግን የእናንተን መሬት አይተኸዋል? እንደ መንገደኛ ተረከዝ ደርቋል። ስትቀጠቅጠኝ ጫፌ ይጣመማል። ተጣምሜ ከማፍር እንደተወለወልኩ ልቅር። መሬቱ አስገባለሁ ካላለ ሽቦውን አልቀበልም።»

እንግዲህ ዘንጉ ሽቦውን አልቀበልም አለ፤ ሽቦው ማሽኑን አልገራም አለ፤ ማሽኑ ማጠፊያውን አልበይድም አለ፤ ማጠፊያው በሩን አልይዝም አለ፤ በሩ ጅቡን አልከለክልም አለ፤ ጅቡም ፍየሏን አልተውም አለ።

ይርዳው ወደ ብየዳ ቤቱ ተመለሰ። ከግድግዳው ሥር ማሽኑ አጠገብ ያለውን መሬት በብረት መታው። ብረቱ ነጥሮ ተመለሰ።

«ማነው የሚያንኳኳው?» አለ መሬቱ።

«ይርዳው ነኝ።»

«ይርዳው የማን?»

ይርዳው ይህን ጥያቄ አይወደውም። «የብየዳ ቤቱ» አለ በመጨረሻ።

«ምን ፈለግህ?»

«ዘንግ ላስገባብህ።»

መሬቱ ሳቀ። ሲስቅ አቧራ ተነሳ። «ዝናብ የሚባል ነገር እንደነበረ ትዝ ይለኛል፤ መልኩን ግን ረስቼዋለሁ። አፌ ደርቆ ተጣብቋል። በግድ ብታስገባው እንኳ ዘንጉን አቅፌ አልይዘውም። እኔ አሸዋ ነኝ፤ ስደርቅ ኤሌክትሪኩ በእኔ ውስጥ መንገድ አያገኝም፤ ተመልሶ አንተኑ ይፈልግሃል። ዘንግ ተከልኩ ብለህ ደረትህን ነፍተህ ማሽኑን ስትይዝ፣ ከአንተ በፊት ከነበረው በምን ተለየህ? መጀመሪያ አጠጣኝ። ካልጠጣሁ ዘንጉን አላስገባም።»

በዚህ መሃል እትዬ ብዙወርቅ ፍየሏን በገመድ እየጎተቱ ዳገቱን ወጡ። ብቻዋን ሊተዉአት አልደፈሩም።

«ተበየደ?»

«አልተበየደም፣ እትዬ።»

«ለምን?»

«መሬቱ ዘንጉን አላስገባም አለ፤ ዘንጉ ሽቦውን አልቀበልም አለ፤ ሽቦው ማሽኑን አልገራም አለ፤ ማሽኑ ማጠፊያውን አልበይድም አለ፤ ማጠፊያው በሩን አልይዝም አለ፤ በሩ ጅቡን አልከለክልም አለ፤ ጅቡም ፍየሏን አልተውም አለ።»

«ኧረ በስመአብ! እኔ ያዘዝኩህ ማጠፊያ ነው፤ ስለ መሬት ማን ጠየቀህ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን። ስማኝ ልጄ፣ ነካ አድርገህ ተወው። ጣት የምታህል ናት።»

ይርዳው ፍየሏን አየ። ፍየሏ ላሜራውን ታኝካለች። ፀሐይዋ ወደ ተራራው ዘንበል ብላለች። እጁ ወደ ስፒናው ሄደ።

«ከአንተ በፊት የነበረውም» አለ ማሽኑ፣ በዝግታ፣ «ጣት የምታህል ናት ብሎ ነው።»

የይርዳው እጅ ቆመ። እትዬ ብዙወርቅም ሰሙ። ያን ሰው ያውቁት ነበር፤ ከይርዳው በፊት በሳንቃው ማዶ ያደረ እሱ ነበር። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ።

«ተወው» አሉ። «እንደሱ ከሆነስ ፍየሏ ትበላ።»

ፍየሏ ላሜራ ማኘኳን አቆመች።

«ባትበላ ግን ይሻላል» አሉ እትዬ ብዙወርቅ። «ምን ቆመሃል? ውሃ ፈልግ!»

ይርዳው ውሃ ፍለጋ ቁልቁል ወደ ቦኖው ወረደ። ቦኖው ሰፈሩ ሁሉ የሚቀዳበት ቧንቧ ነው። ወረፋው አልፏል። ውሃው ብቻውን ጠብ ጠብ እያለ ይጫወታል።

«መሬቱ ጠምቶታል» አለው ይርዳው።

«እንግዳ ነገር አመጣህ» አለ ውሃው። «እዚህ ቦኖ መጥቶ ጠግቤያለሁ ያለኝ ሰው ገና አላየሁም።»

«ብየዳ ቤቱ ድረስ ና።»

«ዳገት ነው። እኔ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ አልሄድም፤ አባቴም አያቴም አልሄዱም።»

«እኔ እሸከምሃለሁ።»

«በየትኛው ክንድህ? ጠዋት የተነዘረው ክንድህ ይኸው እስካሁን ይንቀጠቀጣል። ዳገቱ መሃል ላይ ትደፋኝና መንገዱ ይጠጣኛል። የጋሽ ኑሪ አህያ መጥቶ ካልተሸከመኝ መሬቱን አላረጥብም።»

ይርዳው እየሮጠ ወደ ጋሽ ኑሪ ተመለሰ።

«ዘንጉ እሺ አለ?» አሉ ጋሽ ኑሪ፣ አናታቸውን እያሻሹ።

«አላለም። አሁን የመጣሁት ለአህያው ነው።»

«አህያው ደግሞ ከብየዳ ጋር ምን አገናኘው?»

ይርዳው አየር ስቦ ጀመረ። «ውሃው መሬቱን አላረጥብም አለ፤ መሬቱ ዘንጉን አላስገባም አለ፤ ዘንጉ ሽቦውን አልቀበልም አለ፤ ሽቦው ማሽኑን አልገራም አለ፤ ማሽኑ ማጠፊያውን አልበይድም አለ፤ ማጠፊያው በሩን አልይዝም አለ፤ በሩ ጅቡን አልከለክልም አለ፤ ጅቡም...»

«በቃ፣ በቃ! ራሴን አዞርከው፤ በኋላ ቆርቆሮውን በምን ልይዘው ነው? ውሰደው። ጀሪካኖቹም ከጓሮ አሉ። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ስሙ ሹም ነው። ስሙን ካወጣሁለት ቀን ጀምሮ ለምኜው እንጂ አዝዤው አላውቅም።»

ሹም ግራጫ አህያ ነው። ቦኖው ድረስ ቁልቁል በደስታ ወረደ። ይርዳው ሁለቱን ጀሪካኖች ሞላ። ሊጭነው ሲጠጋ ሹም ፈቀቅ አለ። በቀኝ ሲመጣ በግራ ፈቀቅ አለ፤ በግራ ሲመጣ በቀኝ።

«ሹም፣ እባክህ።»

«አልሸከምም» አለ አህያው።

«ትንሽ ነው፣ እስከ ብየዳ ቤቱ ብቻ።»

«ትንሽ ነው፣ ብዙ ነው አይደለም ነገሩ። ከተወለድኩ ጀምሮ ውሃ በጀርባዬ አመላልሳለሁ። ለሰርግ አመላልሻለሁ፣ ለለቅሶ አመላልሻለሁ፣ ለቤት ሠሪው ጭቃ ማቡኪያ ሳይቀር አመላልሻለሁ። ሁሉም ጀሪካኑን ያወርዳል፣ ጀርባዬን ይመታል፣ ‹ሂድ› ይለኛል። ‹አንተስ ጠምቶህ ይሆን?› ያለኝ አንድ ሰው የለም። ዛሬ በጀርባዬ አልሸከምም።»

እንግዲህ አህያው ውሃውን አልሸከምም አለ፤ ውሃው መሬቱን አላረጥብም አለ፤ መሬቱ ዘንጉን አላስገባም አለ፤ ዘንጉ ሽቦውን አልቀበልም አለ፤ ሽቦው ማሽኑን አልገራም አለ፤ ማሽኑ ማጠፊያውን አልበይድም አለ፤ ማጠፊያው በሩን አልይዝም አለ፤ በሩ ጅቡን አልከለክልም አለ፤ ጅቡም፣ ከተራራው ማዶ አንድ ጊዜ ጮኾ፣ ፍየሏን አልተውም አለ።

መንገዱ ላይ ዱላ ወድቆ ነበር። ይርዳው ዱላውን አየው። አህያውም አየው። ዱላውም ሁለቱን አያቸው። ይርዳው አላነሳውም። የተጫነ ሁሉ ጠምቶት እንደሆነ የማይጠየቅበትን አገር ያውቀዋል፤ ከዚያ ነው የመጣው።

«ጠምቶሃል?» አለው አህያውን።

«በጣም» አለ አህያው።

ይርዳው የአንዱን ጀሪካን ውሃ ከቦኖው ሥር ወዳለው ገንዳ ገለበጠ። ሹም አንገቱን ደፋ። ጠጣ፣ ጠጣ፣ ጨረሰው። ቀና ብሎ ይርዳውን አየው። ይርዳው ሁለተኛውን ገለበጠ። ሹም እሱንም ጨረሰው። ይርዳው መልሶ ሊሞላ ቧንቧውን ቢከፍት ቧንቧው ሳለ፣ ተፋ፣ ዝም አለ። የቀኑ ውሃ ማለቂያው ሰዓት ነበር።

እትዬ ብዙወርቅ ከዳገቱ አናት ሆነው አዩ። «አንተ ልጅ!» ብለው ጮኹ። «ጅቡ ጥርሱን እየሳለ አንተ የሰው አህያ ታጠጣለህ?»

ይርዳው ባዶ ጀሪካኖቹን አነሳ። ሹም ግን ማንም ሳይነዳው ዳገቱን መውጣት ጀመረ። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ በሄደ ቁጥር ይንቦጫረቃል። ይርዳው ከኋላው ተከተለ። ብየዳ ቤቱ ሲደርስ ሹም በማሽኑ አጠገብ አለፈ። ይርዳው ቀደም ሲል መሬቱን የመታበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። እግሩን ከፈተ። ጆሮዎቹን ወደ ኋላ ጣለ። ወደ ሩቅ፣ ወደ ተራራው፣ እንደ ትልቅ ሰው ተመለከተ።

ከዚያም ለቀቀው።

አንድ ጀሪካን ሙሉ ለቀቀው። ቆም አለ፣ ጥቂት አሰበና ሁለተኛውን ለቀቀው። ውሃውን በጀርባዬ አልሸከምም አለ እንጂ በሆዴ አልሸከምም መቼ አለ?

«ይህ ምንድን ነው?» አለ መሬቱ።

«ውሃ ነው» አለ ይርዳው፣ ሌላ የሚለው ጠፍቶት።

መሬቱ ቀመሰው። «ትኩስ ነው» አለ። ደግሞ ቀመሰው። «ጨውም አለበት! ጨው ያለበት ውሃ ለኤሌክትሪክ የተመቸ መንገድ ነው። ተመስገን፣ አፌ ተላቀቀ። ዘንጉን አምጡልኝ፣ ሳልደርቅ!»

ይርዳው ሮጠ። ጋሽ ኑሪ ቆርቆሮውን በአናታቸው ደግፈው ዘንጉን ለቀቁለት። አንዲት ልጅ ስኳር ልትገዛ መጥታ ነበር፤ «አናቴ ሥራ ላይ ነው፣ በኋላ ነይ» አሏት። እትዬ ታፈሰች ሱሪውን አጥሩ ላይ ወርውረው ሽቦውን ጠቅልለው፣ በሌላው እጃቸው አፍንጫቸውን ይዘው መጡ። እትዬ ብዙወርቅ ዘንጉን ቀጥ አድርገው በጨርቅ ያዙ፤ ይርዳው በመዶሻ መታው። ክንዱ ተመልሶለታል። ዘንጉ ስብ እንዳገኘ ቢላዋ ሰተት ብሎ ገባ፤ ከላይ የቀረው ስንዝር የምታህል ብቻ ናት።

ይርዳው ሽቦውን ከዘንጉ ጋር አጥብቆ አሰረ። ከማሽኑ ጋር ገና አላሰረውም። በመጀመሪያ በሁለት ቁራጭ ሽቦ አንድ አምፖል አዘጋጀ፤ አንዱን ጫፍ ኤሌክትሪክ ካለበት፣ ሌላውን ከዘንጉ ከመጣው ሽቦ ጋር አገናኘ። አምፖሉ ቦግ አለ።

«በራ!» አሉ እትዬ ታፈሰች። «አረንጓዴው ሽቦዬ መብራት ያበራል እንዴ? ሱሪ ሳሰጣበት ኖርኩ!»

«መሬቱ ኤሌክትሪኩን ተቀበለ ማለት ነው» አለ ይርዳው። አምፖሉን አነሳ። የማሽኑን ጎን ቀለም ብረቱ እስኪያበራ ፋቀ፣ ሽቦውን በብሎን አሰረ፣ ስፒናውን ሰካ። ማሽኑ እያጉረመረመ ነቃ። ሁሉም ትንፋሻቸውን ያዙ። ይርዳው በእጁ ጀርባ የማሽኑን ጎን ነካ።

ምንም የለም። ቆርቆሮ ነው፤ ይሞቃል፤ ሌላ ምንም የለም።

«አሁን እበይዳለሁ» አለ ማሽኑ። ድምፁ እንዳለቀሰ ሰው ነበር።

እንግዲህ አህያው ውሃውን ተሸከመ፤ ውሃው መሬቱን አረጠበ፤ መሬቱ ዘንጉን አስገባ፤ ዘንጉ ሽቦውን ተቀበለ፤ ሽቦው ማሽኑን ገራ፤ ማሽኑ ማጠፊያውን በየደ፤ ማጠፊያው በሩን ያዘ። በሩን ተሸክመው ቁልቁል ሮጡ፤ ፍየሏ ከሁሉም ቀድማ ሮጠች። ጀምበር ስትጠልቅ በሩ ቦታው ላይ ነበር።

ጅቡ መጣ። አሸተተ። በትከሻው ገፋ። በሩ ዝም አለ። ደግሞ ገፋ። ማጠፊያው ዝም አለ። ጅቡ ትከሻውን አሻሽቶ በእትዬ ታፈሰች አጥር ላይ የተሰጣውን ረጅም ሱሪ ነጥቆ ሄደ። በሩ ጅቡን ከለከለ፤ ጅቡም ፍየሏን ተወ።

በነጋታው እትዬ ብዙወርቅ ለሹም አንድ ባልዲ ንጹሕ ውሃ ወስደው አስቀመጡለት። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲሉ ሰምቼ ነበር» አሉት። «ስለ ራሱ ስለ አህያው ግን የነገረኝ የለም።» ለእትዬ ታፈሰችም የፍየሏን ገመድ ልብስ መስቀያ እንዲሆናቸው ሰጧቸው፤ በር ያላት ፍየል ገመድ ምን ያደርግላታል?

ይርዳው በሩ በተገጠመበት ምሽት ጫማውን አውልቆ ተኛ። አሸዋ ሜዳ ከመጣ ጀምሮ አውልቆ ተኝቶ አያውቅም ነበር። ከሳንቃው ማዶ ቀለሟ ታመሰኳለች።

ተረቴን መልሱ፤ ዘንጉን ግን ከተተከለበት አትንቀሉ፤ ሲደርቅም ውሃ አጠጡት።